ጀርባዋን ለከተማው የሰጠች ጀልባ

ሐኪሜ "ትንሽ ትንሽ በእግርህ ተንቀሳቀስ" ካለኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኦክላንድ ውሃው ዳር እሄዳለሁ። ባለቤቴ አስካለ ሽርሽር ትለዋለች፤ እኔ መድኃኒት እለዋለሁ። መንገዴ በአንድ የጀልባ መጠገኛ ግቢ አጥር ሥር ያልፋል። ባለፈው ጊዜ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ አንድ ሰውዬ ከውሃ ወጥታ በድጋፍ የቆመች ጀልባ ሆድ ሥር ተንጋሎ ቀይ ቀለም ሲቀባ አገኘሁት። ቀለሙ የባሕር አረምና ዛጎል እንዳይለጠፍባት የሚቀባ ነው፤ ሽታው መዳብ መዳብ ይላል። በዚያ ላይ የናፍጣ ጭስ፣ በዚያ ላይ ውሃው ሲሸሽ ተጋልጦ የሚቀረው ጭቃ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ያመመኝ መስሎት "አር ዩ ኦኬይ ሰር?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ምጽዋ ደርሼ መጣሁ ብለው መቼ ይገባዋል?

ስለ ምጽዋ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሙቀቷ ነው። ሙቀቱስ እውነት ነው። ሸሚዝ ተተኩሶ ከቤት ሲወጣ ደረቅ፣ የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የታጠበ ነበር። እኛ ወጣት ባሕረኞች ግን ስለ ሙቀት የምናስብበት ጊዜ አልነበረንም፤ በማማር ሥራ ተጠምደን ነበር። ነጭ ሱሪ በአሚዶ ደርቆ፣ ነጭ ጫማ በጠመኔ ተቀብቶ፣ ባርኔጣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ። የከተማው ጎረምሶች ፀጉራቸው ጎፈሬ፣ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ፣ ሸሚዛቸው እስከ ደረት የተከፈተ ነበር፤ እኛ ደግሞ በእነሱ እየቀናን እነሱ በእኛ እንደሚቀኑ እርግጠኞች ነበርን። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ከባሕሩ ሲነሳ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ አልጋውን ሳይቀር አውጥቶ መንገድ ዳር የሚዘረጋ ነበር። ቅስት ካላቸው በረንዳዎች ሥር በረዶ የተፈጨበት የሎሚ መጠጥ በስሙኒ ይሸጣል። ትንሽ ወረድ ስትል በርበሬ የተቀባ ዓሣ በጉድጓድ ምድጃ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡሃል። የቡና ቤቱ ጥግ ላይ ጁክቦክስ ነበረች፤ ሳንቲሟን ጎርሳ ዘፈን ትሰጣለች። በዚያ ዓመት ከተማው ሁሉ የያዘው ስለ አንዲት ጠይም ልጅ አንገት የተዘፈነ ነበር። ግጥሙ ዛሬ ግማሹ ጠፍቶብኛል፤ ዜማውን ግን ኤይት ኤይቲ ሃይዌይ ላይ መኪና ሲቆምብኝ ሳላስበው አንጎራጉረዋለሁ።

አስካለን ያገኘኋት እዚያው ከተማ፣ ጣራ በሌለው ሲኒማ ቤት ነው። መግቢያው ሽልንግ ነበር፤ በሽልንግ ፊልምም ኮከብም ታያለህ። ወንበሮቹ የብረት ስለሆኑ የቀኑን ሙቀት ይዘው ይቆዩና ነጩን ሱሪ ለብሶ ለሚቀመጥ ሰው ልክ ያስገቡታል። ከታምሩ ጋር ነበርኩ። ታምሩ የኮርስ ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬም ሳን ሆዜ ነው ያለው፣ አሁንም ይጨቀጭቀኛል። ከኋላችን በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንዷ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በደብተር ልባስ ታራግባለች። እኔ ቁመቴ ስለሚያስቸግር ዞር አልኩና "ይቅርታ እህት፣ ጀርባዬን ሰጠሁሽ" አልኳት።

"አበባ ጀርባ የለውም" አለችኝ።

ይህን ሁላችንም እንላለን። ቤተክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም የሚባል ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ እንደ ማለት። እኔ ግን ያን ዕለት አበባ ነህ ተብዬ የተመረቅኩ ያህል ተሰማኝና ፊልሙ እስኪያልቅ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ ተቀመጥኩ፤ ልጅቷ በደንብ ትይ ብዬ። ሲያልቅ መብራቱ በራና ከወንበሯ ስትነሳ፣ "አንገትህን ከምትቀብር ባርኔጣህን ብታወልቅ ይበቃ ነበር" አለችኝ። ለካ ባርኔጣዬን አናቴ ላይ ጎልቼ ነው ሁሉን ያደረግኩት። ታምሩ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ዛሬ ድረስ አልጨረሰውም።

ታዲያ አጥሩን ይዤ ምጽዋን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ታምሩ ነው።

"ደረጀ፣ የግሪኩ ሰውዬ ኢሜይል አድርጓል። ቦታውን እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ይይዝልናል። ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። የሲሲሊዎቹም ዲፖዚት እየጠየቁ ነው። አስካለን አነጋገርካት?"

"አነጋግራታለሁ።"

"ይህን ከገና ጀምሮ እየነገርከኝ ነው። እኔ እኮ ግልጽ አድርጌልሃለሁ፤ እሷ ካልመጣች አልሄድም። ሁለት ሽማግሌ ምስር እያቃጠለ በባሕር ላይ ሲዞር አይታይህም?"

ጉዳዩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔና ታምሩ አሜሪካ ከገባን በኋላ እሱ ሳን ሆዜ ፋብሪካ፣ እኔ ኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ላይ ሥራ ያዝን። ባሕር ግን ልክፍት ነው። የኔ ሻትል ውስጥ በተሳፈረ አንድ አዛውንት አማካይነት፣ ዋልተር ይባላል፣ በሳምንት አንድ ቀን የእሱን ትንሽ የሸራ ጀልባ አብረን መንዳት ጀመርን። ዋልተር ግሪክ አገር ደግሞ ከፍ ያለች፣ መኝታና ማብሰያ ያላት፣ ከወደብ ወደብ የምትዞር ጀልባ ነበረችው። ሲያረጅ አውሮፕላኑ ከበደውና "የማላውቀው ሰው ከሚገዛኝ እናንተ ውሰዷት" ብሎ በሚያሳፍር ርካሽ ዋጋ ሰጠን። አሁን በግሪክ አንድ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ጀልባ ደግሞ እንደ መኪና መንገድ ዳር አትቆምም፤ የራሷ ቋሚ ቦታ ያስፈልጋታል። ቦታ መምረጥ ቤት ከመከራየት ይከብዳል። ጥልቀቱ ይበቃል ወይ፣ የትኛው ነፋስ ማዕበል ያስገባል፣ መብራትና ውሃ አለ ወይ፣ በፓስፖርታችን ከስድስት ወር ሦስቱን ብቻ ስለምንቀመጥ እኛ በሌለንበት ማን ያይልናል። ይህን ሁሉ ታምሩ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያበጥር ከርሞ ሁለት ቦታ ላይ ደረሰ። አንዱ ሲሲሊ ያለ ማሪና፣ ሰፊ የጀልባ ማቆሚያ፣ ሌላው ደቡብ ግሪክ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ የድሮ ወደብ።

እኔ ልቤ ግሪክ ነው፤ ምክንያቱም አለኝ። በተማሪነታችን ለልምምድ በመርከብ ስንዞር አንድ የግሪክ ወደብ ገብተን ነበር። የዕረፍት ፈቃድ ሲሰጠን ከታምሩ ጋር ነጫችንን ለብሰን ወጣን። እኛ የምናውቃቸው መርከቦች ሁሉ ጎናቸውን አስጠግተው ነው የሚቆሙት። እዚያ ትንንሾቹ ጀልባዎች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዙረው፣ ኋላቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በግ በረት በር ላይ እንደሚጋፋ ተደርድረዋል። በአንደኛዋ ኋላ ላይ አንዲት ሴትዮ ጥቁር ሻሽ አስረው ተቀምጠው ፎሶሊያ ይሰነጥቃሉ። የሚያልፈው ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ እሳቸውም ይመልሳሉ፤ ጎረቤት እንዳለው በረንዳ። እኛን ሲያዩ በእጃቸው ጠርተው አንዳንድ ብርቱካን ሰጡን። ስመለስ ይህን ለአስካለ ሎሚ መጠጥ ቤቱ በረንዳ ላይ አወራሁላት። "አንድ ቀን እንደዚያ ባለች ጀልባ በረንዳ ላይ አስቀምጥሻለሁ" አልኳት። "መጀመሪያ መሬት ላይ የማይነቃነቅ ቤት አግኝልኝ" አለችኝና ሳቀች። የሚሳቅበት ዘመን ነበር፤ ስሙኒ የምታህል ገንዘብ ለሁለት ሰው ሳቅ ትበቃ ነበር።

ችግሩ አስካለ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። የባሕረኛ ሚስት ሆና አንድ ቀን እንኳ። መርከቦቹ ለቤተሰብ የሚከፈቱበት ቀን ነበር፤ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ባንዲራው ሁሉ ተሰቅሎ። አስካለ በነጭ ቀሚስና በታኮ ጫማ፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። መሻገሪያው ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች፤ ሳንቃው ትንሽ ተነቃነቀ። እግሯን አነሳች። ዳቦውን ከታች ሆና አቀበለችኝና "ብሉ፣ እኔ ከዚህ አያችኋለሁ" አለች። ያኔ ቀልድ ነበር። በኋላ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ዘመኑ ሲገለባበጥ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ በማይታወቅበት በዚያ ሰሞን፣ እኔ ያለሁባት መርከብ ባሕሩን ተሻግራ ሄደች፤ አስካለ ልጃችንን ሊዲያን አዝላ በየብስ ወደ መሐል አገር ሄደች። ከዚያ በኋላ የተያየነው ኦክላንድ ኤርፖርት ነው። ሊዲያ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ተደበቀችብኝ። አስካለ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዋልተር ጋ መሄድ ስጀምር፣ "ባሕሩ አንዴ ወስዶህ ነበር። ሁለተኛ በእጄ አልሰጥህም፤ እዚሁ ሠፈር ውስጥ ከሆነ ግን ዙር" ብላኛለች። እኔም እሷ ሳትኖር የምሄድበት ባሕር የለኝም። ያቺን ጀልባ የምፈልጋት ለአስካለ በረንዳ እንድትሆን ነው፤ እሷ እምቢ ካለች ድርሻዬን ለታምሩ ትቼ ነገሩን ልዘጋው ቆርጬ ነበር። ለዚህ ነው ከገና ጀምሮ ሳልጠይቃት የቆየሁት፤ ያልተጠየቀ እምቢታ አሁንም ተስፋ አለው።

በማግስቱ እሑድ ታምሩ ሳን ሆዜ ምሳ ጠራን። ከቤተክርስቲያን ወጥተን በባቡር ልንሄድ ስንል ሊዲያ ከሬድውድ ሲቲ መጥታ በመኪናዋ ወሰደችን። አንድ የአስካለን ጓደኛ መንገድ ላይ ልናደርስ ከኋላ ከእኔ ጋር አስቀምጠናቸዋል። አስካለ ፊት ገባችና ቀበቶዋን ሳታስር ዞር ብላ፣ "እትዬ ዘነበች፣ ጀርባዬን ሰጠሁዎት" አለች።

"አበባ ጀርባ የለውም ልጄ።"

ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ጎረቤት አሜሪካዊ ኋላ ቢቀመጥ እንኳ በአማርኛ ትለዋለች። ከኋላ ያለችው ሊዲያ ብቻ ስትሆን "ዩ አር ፋይን፣ ማሚ" ትላታለች፤ መልሱን አላስተማርናትም፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ታምሩ ቤት ምሳው ተበልቶ እንዳለቀ ሊዲያ ኮምፒውተሯን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አያያዘችው። መጀመሪያ ሲሲሊ መጣ። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ እያንዳንዱ ጀልባ በጎኑ ተንሳፋፊ መራመጃ አለው።

"ይኸውልሽ አስካለ" አለ ታምሩ፣ "ከመራመጃው በጎን ገባ ነው። መብራት አለ፣ ዋይፋይ አለ፣ ላውንድሪ አለ። በሩ በኮድ ነው የሚከፈተው፤ ማንም ዝም ብሎ አይገባም።"

"ሰዎቹስ?"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"የሚኖሩት ናቸዋ።"

"ብዙዎቹ ጀልባቸውን አቁመው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ከተማው ትንሽ ራቅ ይላል፣ ባስ አለው።"

አስካለ አንገቷን ነቀነቀች። "ኒውአርክ የጓደኛዬ የአልማዝ ዕቃ የተቀመጠበት ስቶሬጅ እንዲህ ነው። በኮድ ይከፈታል፣ ውስጡ ሰው የለም። እናንተ ሞተር ስትፈታቱ እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው?"

ከዚያ የግሪኳ ከተማ መጣች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ጠባብ የድንጋይ ወደብ፣ ከኋላው ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ወንበሮቹን እስከ ውሃው ያወጣ ምግብ ቤት፣ ከፍ ብሎ ነጭ ቤተክርስቲያን። አስካለ ወንበሯን ሳበች። ይጾማሉ ወይ አለች። ይጾማሉ አልኳት፣ በጾም ግን ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላሉ። "ይቅር ይበላቸው" አለችና ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ይዤ ልቤ ባሕሩን ተሻገረ። ወዲያው ግን ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረች።

"እነዚህ ጀልባዎች ለምንድን ነው ሁሉም ጀርባቸውን ለሰው የሰጡት?"

"እዚያ እንደዚያ ነው የሚቆመው" አለ ታምሩ። "መልሕቁን ከፊት ትጥላለህ፣ በኋላህ ገብተህ ትታሰራለህ። ቦታ ይቆጥባል።"

"ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ?"

"ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ፓርኪንግ" አለች ሊዲያ።

"ፓርኪንግም ፊት አለው። እንግዳ ሆነን በሰው አገር ገብተን፣ ዳቦ በሚሸጡልን ሰዎች ፊት ጀርባችንን ሰጥተን? እኔ እዚያ አልቀመጥም። በፊታችሁ ግቡ።"

በፊት መግባትስ ይቻላል። የሚያደርጉትም አሉ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ውስጣቸውን እንዳያይባቸው የሚፈልጉ። ግን የጀልባ ፊት ከፍ ያለ ነው፤ የብረት አጥርና መልሕቁን ተራምደህ ነው የምትወርድ የምትወጣው። የአስካለ ቀኝ ጉልበት ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሰው ስታነሳ ስትጥል ስለኖረች የደከመ ነው። ታምሩ እኔን አየኝ፣ እኔ ታምሩን። አንደኛው ቦታ መሣፈር ይመቻል፣ መኖር አይቻልም። ሁለተኛው መኖር ያስመኛል፣ መሣፈሩ ነውር ወይ ጭንቅ ነው። የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኳት።

"አስካልዬ፣ ጭራሽ ትመጫለሽ ወይ?"

"ሳልሞክር እምቢ አልልም" አለች። "ቅዳሜ የዚያን የዋልተርን ጀልባ አምጡ። በፊቷ ግባና እወጣለሁ። መውጣት ካቃተኝ ግን ደረጀ፣ በቃኝ። ሁለተኛ አትጠይቀኝም።"

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ እንጃ። ስጸልይ የነበረው ስለ ጉልበት ነው፤ ለራሴ ስኳር እንኳ እንዲህ አልጸለይኩም። ወጣት ሳለሁ ለባሕረኛ የሚፈራው ማዕበል ነው ይሉን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ የነበረው ውሃ ጠበል ነው ቢሉት የሚታመን፣ ጸጥ ያለ ነበር፤ እኔ ግን መሪውን የያዘው እጄ ላብ በላብ ሆኗል። ከማዶ የወደቡ ግዙፍ ክሬኖች ቆመዋል። አስካለ የእንጨት መራመጃው ጫፍ ላይ፣ ሊዲያ ክንዷን ይዛት፣ ነጠላዋን በወገቧ አዙራ አስራ ትጠብቃለች። እኔ ባርኔጣዬን ግንባሬ ላይ ጫን አድርጌ ከኋላ መሪው ላይ፣ ታምሩ ገመድ ይዞ ከፊት። ቀስ ብዬ አፍንጫዋን አስጠጋሁላት። ታምሩ ገመዱን አሰረና እጁን ዘረጋ።

አስካለ የብረቱን አጥር ያዘች። ግራ እግሯን አነሳች፣ ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ቀኙን ልታስከትል ስትል ጉልበቷ እምቢ አለ። እንደገና ሞከረች። ሊዲያ ከኋላ ልትገፋት ስትል "ተይኝ" አለቻት። በሦስተኛው እግሯን መለሰችና ወደ መራመጃው ወርዳ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል።

"በቃ፣ ተወው ደረጀ" አለች በለሆሳስ። "ይቅር።"

ሲሲሊም ግሪክም በዚያች ደቂቃ ውሃ በላቸው። ታምሩ ገመዱን እንደያዘ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ከመርከቡ ሥር ዳቦውን ስታቀብለኝ የነበረችው ልጅ ያችው ናት፣ መራመጃው ያው ነው፣ እኔም ያው ከውሃው ላይ ሆኜ አያታለሁ። ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖረን በመካከላችን ያለችው አንዲት እርምጃ አልተነሳችም። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ "ታምሩ፣ ፍታው" አልኩት።

"ወዴት?"

"ፍታው ብቻ።"

ፈታው። ወጣ አልኩና ዞርኩ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቼ መጣሁ። የዋልተር ጀልባ ወደ ኋላ ስትነዳ እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ በመሪው እየተናነቅኩ አመጣኋት። ጀልባ በኋላዋ ስትገባ ነጂው ወደሚሄድበት ነው የሚያየው። በፊቷ ስንገባ አስካለን ያያት ታምሩ ነበር፤ እኔ ከሩቅ ከሸራው ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ። አሁን ጀልባዋ ጀርባዋን ለአስካለ ሰጥታ ስትቀርብ እኔ ፊቴን ለእሷ ሰጥቼ እየቀረብኩ ነው። ዝቅ ያለው ኋላዋ ከመራመጃው ጋር እኩል ሲሆን ማርሹን ነፃ አደረግኩት። ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል። ምን ልበላት? አፌ ላይ የመጣው ያው የድሮው ነው።

"ይቅርታ እህት" አልኳት፣ "ጀርባችንን ሰጠንሽ።"

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ትስቅ ይሆን ታለቅስ መለየት አልቻልኩም። ሊዲያ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች።

"አበባ ጀርባ የለውም" አለች አስካለ። "ባርኔጣህን ግን አውልቅ።"

አወለቅኩ። በሌላው እጄ እጇን ያዝኩ። ጫማዋን አውልቃ መራመጃው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ እንደምታደርገው፣ ከዚያ ቤቷ እንደምትገባ አንድ እግሯን፣ ቀጥላ ሌላውን አስገባች። ጀልባዋ ትንሽ ዝቅ አለች። አስካለ እጄን ጨምቃ ያዘች እንጂ አልተመለሰችም። ኋላ ካለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠችና እስትንፋሷን ሰበሰበች። በመራመጃው ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ሴት ስታልፍ "ጉድ ሞርኒንግ" አለቻት። አስካለም "ጉድ ሞርኒንግ፣ ጉድ ሞርኒንግ" ብላ መለሰች። ሴትየዋ ቆም ብላ ስለ ጭጋጉ አንድ ሁለት ነገር አወራቻትና ሄደች።

አስካለ ወደ መራመጃው፣ ወደ ሊዲያ፣ ወደ መንገዱ ተመለከተች። "ለካ ሰው ሁሉ ከፊታችን ነው" አለች።

ለዚህ ነገር እኔ ብዙ ዓመት ማብራሪያ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ፤ በተቀመጠች በደቂቃዋ አገኘችው።

"ታምሩ" አለችው፣ "ለግሪኩ ሰውዬ ጻፍለት። ዳቦ ቤቱ ፊት ያለውን።"

"በኋላችን ገብተን?"

"ታዲያ በምናችን ልንገባ ነው?"

አሁን ቦታው የእኛ ነው። ክረምት የደቡቡ ነፋስ ማዕበል ስለሚያስገባ ጀልባዋ ወደ መሬት ትወጣለች፤ በጸደይ ቀይ ቀለሟን እኔው ተንጋልዬ ልቀባት ነው። የሚቀጥለውን ፋሲካ እዚያ እናደርጋለን ተብሏል፤ አስካለ ለጾሙ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ስለሆነ ታምሩ ጀልባዋ ትሰምጣለች ብሎ ይነጫነጫል። ኤርፖርት ሊዲያ ነች የምታደርሰን። ባለፈው አስካለ ታምሩን ይዛ፣ ለጎረቤቶቻችን መጀመሪያ የምትላቸውን ነገር በግሪክኛ አስተምረኝ አለችው። ታምሩ ስልኩን ጠይቆ "ጀርባዬን ስለሰጠኋችሁ ይቅርታ" የሚለውን አገኘላት። መልሱን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። "ግሪኮች እንዲህ አይሉም መሰለኝ" አላት።

"ግድ የለም" አለች አስካለ። "እናስተምራቸዋለን።"